ፋብሪካው ጥሎት የሄደ አሽከርካሪ

ፓዲ ሆፕከርክ በሕይወቱ ለሦስት የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካዎች ተወዳድሯል። የመጀመሪያው አባረረው፤ ሁለተኛውን ራሱ ትቶ ወጣ፤ ሦስተኛው ግን ስምንት ዓመት ያህል አብሮት ከሠራና ስሙን በዓለም ካስጠራለት በኋላ የውድድር ክፍሉን በር ዘግቶ ተሰናበተ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሦስተኛው መለያየት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው መባረር ባይኖር ሦስተኛውን በዚያ እርጋታ አይሻገረውም ነበር ባይ ነኝና ከሥሩ እጀምራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆፕከርክ ኤፕሪል 14 ቀን 1933 በሰሜን አየርላንድ ከተማ በቤልፋስት ተወለደ። መሪ የጨበጠው ገና በዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ የተሠራች ባለሞተር ጋሪ የሰፈሩ ቄስ ትተውለት፣ እሷን እያሽከረከረ አደገ። ትምህርት ግን አልቀናውም። ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ምህንድስና ቢጀምርም አልጨረሰውም፤ ዲስሌክሲያ ነበረበት፤ ፊደል እየተደናገረበት ይቸገር ነበር። ከዚያ ወዲያ ቮልስዋገን መኪኖች በሚገጣጠሙበት የደብሊን ድርጅት ተቀጠረ። አዲስ አበባ ላይ እስከ ዛሬ «ቮልስ» እያልን የምንጠራት ያችው መኪና ለእሱ ከመጀመሪያዎቹ የውድድር መኪኖቹ አንዷ ሆነች።

ያን ጊዜ ራሊ እንደ ዛሬው በቴሌቪዥን የተሟሸ ስፖርት አልነበረም። ውድድሩ እንደ ፎርሙላ ዋን በታጠረ ሜዳ ዙሪያ አይደለም፤ ገበሬ ከብቱን በሚነዳበት፣ የጭነት መኪና በሚመላለስበት ሕዝብ መንገድ ላይ ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ በጭቃም በበረዶም። በመኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ሰዓት እየያዘ፣ ካርታና ማስታወሻ እያነበበ መንገድ ይመራል። መኪኖቹ ሰው ከመደብር የሚገዛቸው ዓይነት ስለሆኑ እሑድ ያሸነፈ መኪና ሰኞ ገበያ ይደምቅለታል ይባል ነበር። ፋብሪካዎቹ ለአሽከርካሪ ደመወዝ የሚከፍሉትም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ፋብሪካ፣ ትራያምፍ፣ ሆፕከርክን ያየው በዚህ ዓይን ነበር። በ1956 ቲአር3 የተባለችውን ባለሁለት ወንበር መኪና ሰጥቶት፣ ልጁ በአልፕስ ተራሮች ውድድር ያለ ቅጣት ነጥብ የሚጨርሱ ብቻ የሚያገኙትን ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። በ1958 የአገሩን ትልቅ ውድድር፣ የአየርላንድ ዙርን፣ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ግን አልፕስ ላይ እንደገና ለዋንጫ ሲገሠግሥ ሞተሩ ጋለበት፤ አቁሞ እንዲቀዘቅዝ ከመጠበቅ ይልቅ ዳገቱን ቀጠለ፤ ሞተሩም ተቃጠለ። የቡድኑ ኃላፊ በዚህ ተቆጥተው አሰናበቱት። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር።

በዚህች ስንብት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ዋንጫ ያመጣ ሰው በአንድ የተቃጠለ ሞተር ይባረራል። የፋብሪካ አሽከርካሪ ምንም ያህል ቢጨበጨብለት መኪናዋ የእሱ አይደለችም፤ ቁልፉን «መልስ» ሲባል መልሶ በእግሩ መሄድ ነው። ሆፕከርክ በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች ስገምት ይህ ነገር በልቡ ቀርቷል።

ከ1959 ጀምሮ ለሩትስ ነዳ። ሩትስ ፋብሪካው ኮቨንትሪ አካባቢ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ለንደን ፒካዲሊ ላይ የሆነ የቤተሰብ ኩባንያ ነበር። ሰንቢም ራፒየር በተባለችው መኪናቸው የአየርላንድን ዙር በ1961ና በ1962 አከታትሎ አሸነፈ፤ በ1962 በሞንቴ ካርሎ ራሊም ሦስተኛ ወጣ። ሆኖም ራፒየር ጠንካራ ብትሆንም ፈጣን አልነበረችም፤ በግሪኩ አክሮፖሊስ ውድድር ተበላሽታ ስትቀርበት ዓይኑ ወደ ሌላ ቤት ማማተር ጀመረ። የሚመኘው ኦስቲን ሂሊ 3000 የተባለችውን ኃይለኛ የስፖርት መኪና ነበር። ባለቤቱ ደግሞ ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ቢኤምሲ ነበር።

ቢኤምሲ በዚያን ጊዜ ሌላም ነገር ነበረው። በ1956 የስዊዝ ቦይ ጦርነት ቦዩን ሲዘጋው እንግሊዝ ውስጥ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። የቢኤምሲ አለቆች ቤንዚን የማትበላ ትንሽ መኪና በአስቸኳይ እንድትሠራ አዘዙ፤ ሥራውም የቱርክ ከተማ በሆነችው በኢዝሚር ለተወለደው መሐንዲስ ለአሌክ ኢሲጎኒስ ተሰጠ። ኢሲጎኒስ ሞተሩን በቁመት ሳይሆን በአግድም አስቀመጠው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አስገባው፤ ጎማዎቹን ሕፃን የሚጫወትባቸው እስኪመስሉ አሳነሳቸው፤ የሚገፋውን ኃይል ለፊት እግሮች ሰጠ። ኦገስት 26 ቀን 1959 ሚኒ ለገበያ ቀረበች፤ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ሞተሯ 848 ሲሲ፣ ዋጋዋ ከነግብሩ ከ500 ፓውንድ በታች። ፎርድ አንዷን ገዝቶ ብሎን በብሎን አስፈታትቶ ወጪዋን ሲያሰላ ቢኤምሲ በእያንዳንዷ ላይ 30 ፓውንድ ያህል ይከስራል የሚል ውጤት አገኘ ይባላል። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሚኒን ለውድድር ያሰባት ኢሲጎኒስ አልነበረም። ደቡብ ምዕራብ ለንደን ሰርቢተን ውስጥ ጋራዥ የነበረው፣ የፎርሙላ ዋን መኪኖችን የሚሠራው ጆን ኩፐር ነው ነገሩን ያየው። ሞተሯን አሳድጎ፣ የፊት ፍሬኗን በዲስክ ቀይሮ፣ በ1961 ሚኒ ኩፐር የምትባለውን ከቢኤምሲ ጋር አወጣ፤ በ1963 ደግሞ 1071 ሲሲ ሞተር ያላት ኩፐር ኤስ ተከተለች። በእያንዳንዷ ሽያጭ ጥቂት ፓውንድ ለስሙ ይከፈለው ነበር።

እነዚህን መኪኖች ለውድድር የሚያዘጋጀው ክፍል የሚገኘው ኦክስፎርድ አጠገብ፣ አቢንግደን ከተማ ውስጥ፣ የቢኤምሲ በነበረው የኤምጂ ፋብሪካ ግቢ ነበር። ከ1961 ጀምሮ አለቃው ስቱዋርት ተርነር ነበር፤ ራሱ መንገድ መሪ ሆኖ የተወዳደረ፣ ብልጥ፣ የአሽከርካሪን ጠባይ በዓይኑ የሚለካ ሰው። በ1962 መጨረሻ ኮከቡ ፓት ሞስ ወደ ፎርድ ልትሄድበት ነው። የመኪና ተወዳዳሪው የስተርሊንግ ሞስ እህት ፓት በዚያው ዓመት በሆላንዱ የቱሊፕ ውድድር ለሚኒ የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ያመጣች ናት። ተርነር ክፍተቱን ለመሙላት ሲፈልግ ሆፕከርክ ራሱ በር እያንኳኳ ነበር። ተቀጠረ። በዚያው ዓመት በእንግሊዙ የአርኤሲ ራሊ በተመኛት ሂሊ ሁለተኛ ወጣ። ነገር ግን ታሪኩን የጻፈችለት የተመኛት ትልቋ መኪና አይደለችም፤ ያልተመኛት ትንሿ ናት።

በ1963 ሞንቴ ካርሎ ላይ በሚኒ ስድስተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት መኪኖች ፈረንሳይን በሚዞሩበት ውድድር ሦስተኛ ወጣ፤ ትልልቅ ጃጓሮች ሜዳው ላይ ጥለዋት ሲያልፉ ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ላይ ትደርስባቸው ነበር። የሚኒ ምስጢሯ ይኸው ነው። በቀጥታ መንገድ ማንም ይቀድማታል። ኩርባ ላይ ግን ክብደቷ ከፊት፣ እግሮቿ በአራቱም ጥግ ስለሆኑ፣ ሌላው ፍሬን ሲይዝ እሷ ነዳጅ ትረግጣለች።

ከዚያ 1964 መጣ። የሞንቴ ካርሎ ራሊ ተወዳዳሪዎች በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የተለያዩ ከተሞች ይነሡና በጃንዋሪ ብርድ ሌት ተቀን ነድተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ቁርጡ የሚለየው ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ተራሮች ላይ ባሉ በሰዓት የሚለኩ መንገዶች ነው። ሆፕከርክና መንገድ መሪው ሄንሪ ሊደን መነሻቸውን ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሚንስክ አደረጉ። የመኪናዋ ታርጋ 33 ኢጄቢ፣ በሯ ላይ የተለጠፈው ቁጥር 37 ነው።

ስለዚያ ጉዞ ሆፕከርክ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ መንገድ ተሳስተው ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ በተቃራኒው ሲነዱ ፖሊስ ያዛቸው። ፖሊሱ ጥፋቱን በውድድሩ መዝገብ ላይ ቢጽፈው ነገሩ አበቃ። ሆፕከርክ ፊቱን አጨፍግጎ፣ እናቱ ስለሞተች ከውድድሩ ወጥቶ ለቀብር ወደ አገሩ እየሄደ መሆኑን ነገረው። ፖሊሱ አዘነለት፤ ለቀቀው። የዚህን ታሪክ ግማሹን የአየርላንድ ሰው ወግ ማሳመሪያ ነው ብሎ መቀበል ይቻላል፤ እኔ ግን አምናለሁ።

ተራራው ላይ ዋናው ተፎካካሪ የስዊድኑ ቦ ዩንግፌልት ነበር፤ የሚነዳው 4,700 ሲሲ ሞተር ያለውን የአሜሪካ ፎርድ ፋልከን ነው፤ የሚኒን ከአራት እጥፍ በላይ። በጥሬ ሰዓት ካየነው ዩንግፌልት ፈጣን ነበር። ደንቡ ግን የሞተርን መጠን የሚያመዛዝን ስሌት ነበረው፤ ስሌቱ ሲደመር አንደኛ ሆፕከርክ፣ ሁለተኛ ዩንግፌልት፣ ሦስተኛ በሳብ የተወዳደረው ኤሪክ ካርልሰን ሆነ። ስሌት ሰጣት የሚሉ ነበሩ። ሆኖም በረዶ በጋገረው ተራራ ላይ ያን ግዙፍ መኪና እግር በእግር መከተሏን የሰረዘ ስሌት የለም።

ድሉ ከፍ ብሎ የተሰማው ለንደን ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሌክ ዳግላስ ሆም የደስታ ቴሌግራም ላኩ። ቢትልስ አራቱም የፈረሙበትን ፎቶግራፍ፣ ከእንግዲህ አንተም ከእኛ አንዱ ነህ የሚል ቃል ጽፈውበት ሰደዱለት። መኪናዋ በአውሮፕላን ተጭና ለንደን ገባችና ሆፕከርክና ሊደን ከእሷ ጋር በፓላዲየም ቲያትር መድረክ ላይ ቀረቡ። እሑድ ማታ ከዚያ ቲያትር በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትርኢት የሚመራው ብሩስ ፎርሳይት ነው፤ እንግሊዝ አገር በዚያ ሰዓት ቤቱ ተሰብስቦ የሚያየውም እሱን ነው። ዘፋኝና ቀልደኛ በሚቆምበት ቦታ አንዲት ቀይ ነጭ ጣሪያ ያላት ትንሽ መኪና ቆመች። ከዚያች ማታ ወዲህ ሆፕከርክ የሚለው ስምና ሚኒ የሚለው ስም አልተነጣጠሉም።

ቀጥሎ ያሉት ሦስት ዓመታት የአቢንግደን ወርቃማ ዘመን ናቸው። ተርነር ሁለት ፊንላንዳውያን፣ ቲሞ ማኪነንንና ራውኖ አልቶነንን፣ አጠገቡ አቁሞለታል። በ1965 ሞንቴን ማኪነን አሸነፈ። በ1966 ሦስቱም ተከታትለው ገቡ፤ ማኪነን፣ አልቶነን፣ ሆፕከርክ። አዘጋጆቹ ግን መኪኖቹን ለሰዓታት ሲፈታትሹ ቆይተው በመብራት ጣሏቸው። የሚኒዎቹ ዋና መብራቶች አምፖል ረጅሙን ብቻ የሚሰጥ ነበር፤ ከፊት መኪና ሲመጣ እነሱ ጠፍተው የጉም መብራቶቹ ይበራሉ። ደንቡ ይህን አይፈቅድም ተባለ። አራተኛ የገባው የእንግሊዝ ፎርድም አብሮ ተሰረዘና ዋንጫው ለፈረንሳዩ ሲትሮየን ተሰጠ። የሲትሮየኑ አሽከርካሪ ፓውሊ ቶይቮነን ራሱ አፈረበት፤ ከዚያ በኋላ ለሲትሮየን አልነዳም ማለቱ በሰፊው ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው ሞንቴ በፖርሽ ሁለተኛ ሲወጣ እናገኘዋለን። የለንደን ጋዜጦች ተንጫጩ፤ ሚኒም አሸንፋ ልታገኘው ከምትችለው በላይ ወሬ አገኘች። አልቶነን በ1967 ዋንጫውን አስመለሰ።

ለሆፕከርክ ምርጡ ዓመት ራሱ 1967 ነው። ከአዲሱ መንገድ መሪው ከሮን ክሬሊን ጋር የግሪኩን አክሮፖሊስ አሸነፈ፤ ባለፈው ዓመት እዚያው አንደኛ ገብቶ በቅጣት ወደ ሦስተኛ ወርዶበት ነበር። የአልፕስንም አሸነፈ። የአየርላንድ ዙርን ደገመ። ቀደም ብሎም በፈረንሳዩ የ«ለማን» ውድድር ላይ ከ1963 እስከ 1965 ሦስት ጊዜ በኤምጂ ተወዳድሮ ሦስቱንም ጊዜ ጨርሷል።

እነዚህን ዓመታት ስናወራ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ሆፕከርክ በጎን ንግድ ከፍቶ ነበር። በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ፔዳል፣ ክሪክ፣ የጣሪያ ፖርቶመጋላ፣ የመሳሰለውን የመኪና ዕቃ ይሸጣል። እንደ ሞንቴ ካርሎ አያኮራም። ግን ቁልፉን መልስ የሚለው የለም።

ጃንዋሪ 1968 ላይ ለንደን ውስጥ የተፈረመ ስምምነት የሁሉንም ነገር አቅጣጫ ቀየረ። ቢኤምሲን የያዘው ኩባንያ ከሌይላንድ ጋር ተዋሐደና ብሪቲሽ ሌይላንድ ተወለደ። መንግሥት ገፋፍቶታል፤ ፓውንድ ከጥቂት ወራት በፊት ዋጋው ተቀንሶ ነበርና አገሪቱ ወደ ውጭ የሚልክ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ፈልጋለች። አለቃው ሰር ዶናልድ ስቶክስ፣ በኋላ ሎርድ ስቶክስ፣ የጭነት መኪናና አውቶቡስ በመሸጥ ስም ያወጡ ሰው ናቸው። ሌይላንድ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ መግቢያ ትራያምፍን ገዝቷል። ስለዚህ ሆፕከርክን በ1958 ያባረረው ፋብሪካና የቀጠረው ፋብሪካ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

ስቶክስ የተረከቡት መዝገብ አሳዛኝ ነበር። ሚኒ በመቶ ሺዎች ትሸጣለች፤ ትርፍ ግን የለም። ያች የፎርድ 30 ፓውንድ እዚህ ላይ ትዝ ትላለች። ስለዚህ የሚቆረጠውን መፈለግ ጀመሩ፤ ለአማካሪ የሚከፈል፣ ለስም የሚከፈል፣ ለውድድር የሚከፈል። በዚህ ላይ ሚኒም እያረጀች ነው፤ በ1968 ሞንቴ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ፖርሾች ናቸው፤ ሚኒዎቹ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ተሰለፉ፤ ሆፕከርክ አምስተኛ። ተርነር በ1967 ለቅቆ ሄዶ ቦታውን ፒተር ብራውኒንግ ይዟል። ሁለቱ ፊንላንዳውያንም በተራቸው ተሰናበቱ። ሆፕከርክ ቀረ።

ኖቬምበር 24 ቀን 1968 በደቡብ ለንደን ክሪስታል ፓላስ ላይ 98 መኪኖች ተሰልፈው እስከ ሲድኒ የሚነዳ ውድድር ተጀመረ። አዘጋጆቹ የለንደኑ ዴይሊ ኤክስፕረስና የሲድኒው ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጦች፣ ሽልማቱ 10,000 ፓውንድ ነው። መንገዱ በፓሪስ፣ በቤልግሬድ፣ በኢስታንቡል፣ በቴህራንና በካቡል አልፎ ቦምቤይ ይደርሳል፤ ከዚያ መኪኖቹ በመርከብ አውስትራሊያ ገብተው በረሃውን ያቋርጣሉ። እንዲህ ያለ መንገድ ለሚኒ አይሆንም። ሆፕከርክ ከቶኒ ናሽና ከአሌክ ፑል ጋር ኦስቲን 1800 የተባለችውን ሰፊ የቤተሰብ መኪና ይዞ ወጣ።

ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መሪው የቤልጅጉ ሉሲየን ቢያንኪ ነበር። አጋሩ መሪውን ይዞ ሳለ፣ ለሌላ ተሽከርካሪ ክፍት በነበረ መንገድ ላይ፣ ሲትሮየናቸው ከመጣባቸው መኪና ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። ሆፕከርክና ጓደኞቹ ደርሰው ለእርዳታ ቆሙ። ቢያንኪ ክፉኛ ተጎድቶ ተረፈ፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት በ«ለማን» ልምምድ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ሲድኒ ላይ ሲቆጠር አንድሩ ካወን 50 ነጥብ ጥሎ አንደኛ፣ ሆፕከርክ 56 ጥሎ ሁለተኛ ሆነ። የካወን መኪና ሂልማን ሃንተር ናት፤ የሩትስ ሥራ፤ ሆፕከርክ በ1962 ትቶት የወጣው ቤት።

በ1969 አቢንግደን ከራሊ ይልቅ ወደ አጫጭር የሜዳ ውድድሮች ተገፋ፤ ስለዚያ ዓመት ብዙ የሚባል የለም።

ቀጣዩ ትልቅ ጉዞም ከለንደን ነበር የተነሣው። የ1966 የዓለም ዋንጫ የተጠናቀቀው ዌምብሌይ፣ የ1970ው ደግሞ ሜክሲኮ ሲቲ ስለሆነ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ሁለቱን በመኪና የሚያገናኝ ውድድር አዘጋጀ። ኤፕሪል 19 ቀን 1970 ከዌምብሌይ 96 መኪኖች ወጡ። ቡልጋሪያ ደርሰው፣ ወደ ፖርቱጋል ተመልሰው፣ በመርከብ ብራዚል ተሻግረው፣ አንዲስን ወጥተው ወርደው፣ ከ25,000 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ራስ ዳሸን አናት አካባቢ ሆኖ ሙሉ ነዳጅ እንደ መርገጥ ነው፤ ሞተሩም ሰውየውም አየር ያጥራቸዋል።

ለሆፕከርክ የተሰጠችው መኪና የትኛዋ ናት? ትራያምፍ 2.5 ፒአይ። በ1958 በተቃጠለ ሞተር ያባረረው ፋብሪካ መኪና ውስጥ፣ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ፋብሪካ ደመወዝ ተቀምጦ ተገኘ። በተቃራኒው ወገን የቆመውን ሰልፍ ደግሞ እንመልከት። የፎርድን ቡድን የሚመራው በ1969 ወደዚያ የገባው ስቱዋርት ተርነር ነው፤ ሆፕከርክን የቀጠረው ሰው። በፎርድ ኤስኮርት ውስጥ ከተቀመጡት መካከል አልቶነን፣ ማኪነን፣ ሌላው የአቢንግደን ልጅ ቶኒ ፎል አሉ። የአልቶነን መንገድ መሪ ሄንሪ ሊደን ነው፤ በፓላዲየም መድረክ ከሆፕከርክ ጎን የቆመው። ከፎል ጋር የተቀመጠው ደግሞ የቶተንሃም ኮከብ የነበረው እግር ኳስ ተጫዋች ጂሚ ግሪቭስ ነው። ስቶክስ የበተኑትን ቡድን ፎርድ ሰብስቦታል።

ሜይ 27 ሜክሲኮ ሲቲ ሲገቡ ከ96ቱ 23 ብቻ ቀርተዋል። አንደኛ በኤስኮርት ሃኑ ሚኮላና ጉናር ፓልም። ሁለተኛ በትራያምፍ ብራያን ኩልቼዝ። ሦስተኛ አልቶነንና ሊደን። አራተኛ ሆፕከርክ። አምስተኛ ማኪነን፣ ስድስተኛ ፎልና ግሪቭስ። ሁለተኛና አራተኛ መውጣት በየትኛውም ሚዛን ውድቀት አይደለም። ግን የሁለቱ ኩባንያዎች ልዩነት ከዚያ በኋላ ታየ። ፎርድ ዓመቱ ሳይወጣ «ኤስኮርት ሜክሲኮ» የምትባል መኪና ሠርቶ ድሉን ለገበያ አቀረበው። ብሪቲሽ ሌይላንድ ደግሞ በዚያው መጸው አቢንግደን የነበረውን የውድድር ክፍል ዘጋ። ብራውኒንግ ለቀቀ። ሆፕከርክ በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ራሊ በሚኒ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ ለአቢንግደን ከነዳቸው የመጨረሻዎቹ አንዱ ይኸው ሆነ። የጆን ኩፐርም ውል በ1971 አለቀ፤ ስሙ ከመኪናዋ ላይ ተነሣ።

ስቶክስን መውቀስ ቀላል ነው፤ እንግሊዞችም ሲወቅሷቸው ኖረዋል። የያዙት ኩባንያ በእርግጥ ገንዘብ ያጣ ነበር፤ በ1975 መንግሥት ወርሶ ማዳኑም ይህን ይመሰክራል። ፍርዴን ልስጥ ከተባልኩ ግን ጥፋታቸው ወጪ መቁረጣቸው አይደለም፤ የሚያስገቡላቸውን ለይተው አለማወቃቸው ነው። የእያንዳንዷ መኪና ዋጋ ቢጨመር ኪሳራው ይሸፈን ነበር። ሚኒን ከሌሎች ርካሽ መኪኖች ለይቶ ሰው በደስታ እንዲገዛት ያደረጋት ያ ፓላዲየም ላይ የታየ ስም ነበር፤ እሱን አስቀድመው ጣሉት።

ሆፕከርክ አላለቀሰም። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ፋብሪካ ፍለጋ አልዞረም። የሙሉ ጊዜ ውድድርን ትቶ ወደ ንግዱ ገባ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እንግሊዛውያን ለእረፍት ሲወጡ ሻንጣቸውን በስሙ ፖርቶመጋላ ላይ አሰሩ። አልፎ አልፎ ሲያምረው ይወዳደር ነበር። በ1977 የለንደን ሲድኒ ውድድር በድጋሚ ሲካሄድ፣ ከኮቨንት ጋርደን ተነሥቶ በሲትሮየን ሦስተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው አሁንም አንድሩ ካወን ነው። በ1982 ለአርኤሲ ራሊ ሃምሳኛ ዓመት በተዘጋጀው የቆዩ መኪኖች ውድድር ከኩልቼዝ ጋር በሚኒ አሸነፈ። በ1994 ድሉ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሚኒ ይዞ እንደገና ሞንቴ ካርሎ ላይ ቀረበ፤ ቁጥሩ 37፣ ታርጋው ኤል33 ኢጄቢ። አንደኛ ለመውጣት የሄደ አልነበረም።

የአቢንግደን ፋብሪካ ራሱ በ1980 ተዘግቷል። የሚኒ ስም ብዙ እጅ ዞሮ ከጀርመኑ ቢኤምደብሊው ዘንድ ደረሰ፤ ጀርመኖቹም ስቶክስ ካስወገዱት በኋላ በ1990 የተመለሰውን ኩፐር የሚል ስም ይዘው ቀጠሉ። በ2020 ደግሞ በሆፕከርክ ስም የተሰየመ ልዩ ሚኒ፣ ቁጥር 37 በጎኑ ላይ ያለበት፣ ለሽያጭ አወጡ። ያኔ ፋብሪካው ከተለየው ሃምሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

በ2010 የፊንላንዱ የራሊ ዝነኞች መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ አራት ስሞች አንዱ የእሱ ነበር፤ አብረውት የገቡት አልቶነን፣ ማኪነንና ኤሪክ ካርልሰን ናቸው። በ2016 የእንግሊዝ መንግሥት የኤምቢኢ ኒሻን ሰጠው። ጁላይ 21 ቀን 2022 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። 33 ኢጄቢ የፋብሪካው ንብረት ስለነበረች ከእሱ ጋር አልሄደችም፤ ዋርክሻየር ውስጥ ጌይደን ላይ ባለው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ትገኛለች። ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች በኤም40 መንገድ ወደ ሰሜን ብትነዱ መገንጠያ 12 ላይ ነው፤ ስትደርሱ ጎንበስ ብላችሁ የጎማዋን ትንሽነት እዩ።